ከወገብ ተነስቶ እግር የሚይዝ ህመም፦ መተኛት ያድናል ወይ?

"ወገቤን ያዘኝ"፣ "እግሬን ገተረኝ"፣ "ከዳሌዬ ተነስቶ እስከ ባቴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል"። ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን አባባሎች በቦኖው ሰልፍ፣ በራሽን ማከፋፈያው በር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ያልሰማ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! እኛ መምህራንም በማረፊያ ክፍላችን ሳንሰማው የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመን እናስተምራለን፣ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ጎንበስ ብለን ደብተር እናርማለን፣ ማታ ደግሞ ጀሪካን ይዘን ውሃ እንቀዳለን።

እዚህ ካኩማ ግን ነገሩ ከህመምም ያለፈ ነው። ወገቡን የያዘው ሰው ውሃ ካልቀዳ ቤቱ ውሃ የለም። በራሽን ቀን ቆሞ መሰለፍ ካልቻለ ሰው መለመን አለበት። በኢንሴንቲቭ ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይሄድብኛል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ሰዉ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ ጥርሱን ነክሶ እንደ ወትሮው ሃያ ሊትሩን ይሸከማል። ሌላው ፍራሹ ላይ ይወድቅና "እስኪለቀኝ ድረስ አልነሳም" ይላል። ሁለቱም አያዋጡም።

በዛሬው ዕትማችን ይህ ህመም ምን እንደሆነ፣ በካምፕ ኑሯችን ውስጥ በቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኞቹ ምልክቶች ሲታዩ አንዲት ሌሊት እንኳ ሳናሳድር ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለብን እናያለን። አብዛኛው ሰው ሳይታረድ፣ ሳይተኮስና ናይሮቢ ሳይሄድ ይድናል። ጥቂቱ ሰው ግን ካልፈጠነ ዕድሜ ልኩን የሚጎዳ ነገር ሊደርስበት ይችላል። ሁለቱን መለየት ነው ቁም ነገሩ።

ህመሙ ከየት ይመጣል?

የጀርባ አጥንታችን ከ33 አጥንቶች የተሠራ ሲሆን ከነዚህ ውስጥ 24ቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። የቀሩት ከታች በኩል እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው። በሚንቀሳቀሱት አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ መሳይ ነገር አለ። ዲስኩ ከውጭ ጠንካራ ቀለበት፣ ከውስጥ ደግሞ ለስላሳ እንደ ዝልግልግ ያለ ነገር ነው። ስንራመድና ስንሸከም ክብደቱን የሚያለዝብልን እሱ ነው።

ከወገብ የታችኛው ክፍልና ከሥሩ ካለው የዳሌ አጥንት የሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች ተጋምደው አንድ ወፍራም ነርቭ ይሠራሉ። ይህ ሳያቲክ ነርቭ ይባላል። ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ ከመነሻው ላይ የአውራ ጣት ያህል ይሆናል። በመቀመጫ ውስጥ አልፎ፣ በጭን ጀርባ ወርዶ፣ ከጉልበት አካባቢ ተከፍሎ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። ስለዚህ ችግሩ ወገብ ላይ ሆኖ ህመሙ ባት ላይ ወይም ጣት ላይ ሊሰማን ይችላል። "ወገቤን ሳይሆን እግሬን ነው ያመመኝ" የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ የህመሙ ምንጭ ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የዲስኩ የውጭ ቀለበት ደክሞ የውስጡ ለስላሳ ነገር ወደ ውጭ ገፋ ብሎ የነርቩን ሥር ሲነካው ነው። እኛ "የዲስክ መንሸራተት" የምንለው ይህንን ነው። በእርግጥ ዲስኩ እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ከቦታው አይወጣም፤ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል እንጂ። የዲስክና የእግር ህመምን ግንኙነት በግልጽ ያሳዩት ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲሆኑ ጽሑፋቸው የወጣው በ1934 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ የነርቩ መውጫ ቀዳዳ ይጠብባል። እንዲህ ያለው ሰው ሲራመድ እግሩ ይከብደዋል፣ ቁጭ ሲል ወይም ጎንበስ ሲል ይለቀዋል።

ከኛ ሰው ዘንድ "ብርድ ነው የገባኝ"፣ "ንፋስ ነው የመታኝ" የሚል አለ። እንግዲህ በካኩማ ሙቀት ብርድ ከየት እንደሚመጣ እንጃ! ሙቅ ጨርቅ ማድረግ ጡንቻን ያላላል፣ ስለዚህ ያሳርፋል። የህመሙ ምክንያት ግን ብርድ አይደለም።

መልካሙ ዜና ይህ ነው። ገፍቶ የወጣው ዲስክ በብዙ ሰዎች ላይ ከጊዜ ብዛት በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። አካላችን እንደ ባዕድ ነገር አይቶ ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ብዙ ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በደንብ ይሻለዋል።

ነርቭ ነው ወይስ ጡንቻ?

እግር የገተረው ሁሉ ነርቩ ተነክቷል ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ በርጩማ ላይ ሆና ሹሩባ የምትሠራ እህት፣ በቦዳ ቦዳ ሲነጥር የሚውል ወጣት የጭናቸው ጀርባ ጡንቻ ሊያጥርና ሊገተር ይችላል። የጡንቻ መገተር አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በላይ ይቀራል፣ እየተንቀሳቀስን ስንሞቅ ይላላል፣ መደንዘዝም አያመጣም።

የነርቭ ህመም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከጉልበት በታች ይወርዳል። ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ እንደ ጉንዳን ይወራል ወይም ያደነዝዛል። ስናስል፣ ስናስነጥስ ወይም ስናምጥ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ብቻ ነው። በባት ውጪያዊ ጎን አድርጎ ወደ አውራ ጣት የሚሄድ ከሆነ አንደኛው የነርቭ ሥር፣ በባት ጀርባ አድርጎ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ውስጥ እግር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው ነው የተነካው። ይህንን ለጤና ባለሙያው በጣት እያሳዩ መናገር ብዙ ይረዳዋል።

ቤት ውስጥ የሚሞከር ቀላል ነገር አለ። አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና ያመማችሁን እግር ቀስ ብላችሁ ወደፊት ዘርጉ። የሚሰማችሁ በጭን ጀርባ መወጠር ብቻ ከሆነ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ከጉልበት በታች እስከ እግር የሚነዝር ከሆነና አንገታችሁን ወደ ደረት ስትደፉ ከባሰ ነርቩን ልንጠረጥር ይገባል። ይህ መጠርጠሪያ ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ፍራሽ ላይ መውደቅ ምን ይጠቅማል?

ድሮ ሐኪሞች ራሳቸው "ለሁለት ሳምንት ከአልጋ አትነሳ" ይሉ ነበር። እናቶቻችንም "ተኛ፣ አርፍ" ይሉናል፣ ከፍቅር ነው። ነገሩ ግን ተፈትኖ ታይቷል። በ1986 በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ወገባቸውን ያመማቸው 203 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 2 ቀን፣ ግማሾቹ 7 ቀን እንዲተኙ ተነገራቸው። የ7 ቀኖቹ ቶሎ አልዳኑም። እንዲያውም 2 ቀን ብቻ እንዲተኙ የተነገራቸው ሰዎች ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ ነበር።

"እሱ ለወገብ ብቻ ነው፣ የኔ እግሬ ላይ ወርዷል" የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። በ1999 ኔዘርላንድስ ውስጥ በትክክል ይኸው የሳያቲክ ህመም ያለባቸው 183 ሰዎች ተጠኑ። ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ፣ ግማሾቹ የቻሉትን ያህል እየተንቀሳቀሱ ኖሩ። ከ12 ሳምንት በኋላ ከሁለቱም ወገን 87 በመቶው ተሽሏቸው ተገኘ። የተኛው ከተንቀሳቀሰው ምንም አልበለጠም ማለት ነው።

ለእኛ ግን መተኛት ዕዳም አለው። የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሐሳብ ይበላዋል። ስደተኛ ሆኖ ጣሪያ እያዩ መዋል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለናንተ አንነግራችሁም። ውሃውንና እንጨቱን የሚሸከመውም ያው ሚስት ወይም ልጅ ነው። ስለዚህ ህመሙ በጸናበት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን አረፍ ማለት ነውር የለውም። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ እያልን መነሳት አለብን።

መነሳት ማለት ታዲያ እንደ ድሮው መሸከም ማለት አይደለም። ህመምና ጉዳት አንድ አይደሉም፤ ስንራመድ ትንሽ ቢያመን ነርቩ እየተበጠሰ ነው ማለት አይደለም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ማሳረፊያ አቀማመጥ። ህመሙ ሲጸና በጀርባችሁ ተኙና ባታችሁን በርጩማ ወይም ባዶ ጀሪካን ላይ አድርጉ። ጉልበትና ዳሌ ሲታጠፉ ነርቩ ይላላል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በጎን ለሚተኛ ሰው በጉልበቶቹ መካከል የታጠፈ ብርድ ልብስ ማድረግ ጥሩ ነው። ከሰሌን ላይ ስትነሱ ቀጥ ብላችሁ አትነሱ፤ መጀመሪያ በጎን ዙሩ፣ በእጃችሁ ተደግፋችሁ ተነሱ።

ሁለተኛ፦ መራመድ። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ወይም ወደ ማታ በለሰለሰ መንገድ ላይ አምስት ደቂቃ ተራመዱ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሁን። ከቀን ወደ ቀን ደቂቃውን ጨምሩ። በአሸዋማው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ግን መጀመሪያ ላይ አትሂዱ፤ እግር ስለሚሰምጥ ወገብን ያደክማል።

ሦስተኛ፦ በሆድ መተኛት። ሮቢን ማኬንዚ የተባለ የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ነበር። በ1956 ዌሊንግተን ውስጥ እግሩ ድረስ የሚያመው አንድ በሽተኛው ጀርባው ወደ ኋላ ተለጥጦ በሆዱ እንደተኛ ሳይታወቅ ቆየ። ሲመለሱ የእግሩ ህመም ጠፍቶ ተገኘ። ማኬንዚ ከዚያ ተነስቶ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን እንቅስቃሴ አወጣ። እኛም እንዲህ እናድርግ፦ ሰሌን ላይ በሆዳችን ተኝተን ሁለት ደቂቃ እንቆይ። ከተመቸን በክርናችን ተደግፈን ደረታችንን ቀና እናድርግ። ይህም ከተመቸን በመዳፋችን ገፋ አድርገን ከወገብ በላይ ቀና እንበልና እንመለስ፤ ዳሌ ከመሬት አይነሳም። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ያዙ። ህመሙ ከእግር ለቆ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገብ ላይ ቢጨምር እንኳ መልካም ምልክት ነው፤ ቀጥሉ። ህመሙ ወደ ታች፣ ወደ ባትና ወደ ጣት ከወረደ ግን አቁሙ፤ ያ እንቅስቃሴ ለናንተ አይደለም። በዕድሜ የገፉና ጎንበስ ሲሉ የሚለቃቸው ሰዎች በጀርባ ተኝተው ጉልበታቸውን አንድ በአንድ ወደ ደረት መሳብ ይሻላቸዋል።

አራተኛ፦ ነርቩን ማንሸራተት። አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ያመማችሁን እግር ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ። እግሩን ስታጥፉ አገጫችሁን ወደ ደረት መልሱ። እንደ መወዛወዝ ነው፤ ኃይል የለውም። አሥር ጊዜ ይበቃል። ብዙ ሰው የገተረውን እግር በግድ ይጎትታል፣ ጓደኛውንም "ሳብልኝ" ይላል። የተቆጣ ነርቭ ሲጎትቱት ይብስበታል፤ ጡንቻ እንደሚሳብ ነርቭ አይሳብም።

አምስተኛ፦ አለመዋል። ቁጭ ብላችሁ አትዋሉ፣ ቆማችሁም አትዋሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፣ ሁለት እርምጃ ሂዱ። የቡና ሥርዓት ላይ አጭር በርጩማ ላይ ሦስቱን ስኒ ጎብጦ መጠጣት ለዲስክ ከባድ ነው። ከፍ ያለ ወንበር ብትጠይቁ ማንም አይቀየማችሁም። እንጀራ የምትጋግሩ እህቶችም ከተቻለ ምጣዱን ከፍ ባለ የጭቃ መደብ ላይ አድርጉት።

የጀሪካኑ ነገር

ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ጀሪካኑ ራሱ ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። በአንድ እጅ ሲያዝ አካል ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል፣ ወገብም ይጣመማል። ለዲስክ የሚከፋው ጎንበስ ብሎ፣ ዞር እያሉ፣ ከሰውነት ራቅ አድርጎ ከባድ ነገር ማንሳት ነው። ከቦኖው ሥር ጀሪካን ስናወጣ የምናደርገው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ያመመው ሰው፣ ገና ያላመመውም ቢሆን፣ እንዲህ ያድርግ። ሃያውን ሊትር በሁለት የአሥር ሊትር ጀሪካን ይክፈለውና በግራና በቀኝ እጁ ሚዛኑን ጠብቆ ይያዝ። ወይም በግማሽ እየሞላ ሁለቴ ይመላለስ፤ መራመዱ ራሱ መድኃኒት ነው። ሲያነሳ እግሩን ከፈት አድርጎ ከጉልበቱ ይጠፍ፣ ጀሪካኑን ወደ ሆዱ ያስጠጋ፣ በእግሩ ኃይል ይነሳ። መዞር ካለበት በወገቡ ሳይሆን በእግሩ ይዙር። ከማንሳቱ በፊት አጠገቡ ያለውን ሰው "ያዝልኝ" ማለት ውርደት አይደለም።

የእጅ ጋሪ ያለው ጎረቤት ካለ ሦስት አራት ቤት ተባብሮ በየተራ ማስገፋት ይቻላል። የጭቃ ጡብ የሚሠሩ ወጣቶችም ጡቡን ከመሬት ከሚያነሱ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ቢደረድሩት ወገባቸው ያመሰግናቸዋል። አደራ የምንለው ግን አባት ወገቡን ሲያመው ሃያ ሊትሩ ወደ ትንሽ ልጅ እንዳይተላለፍ ነው። የልጅም ወገብ ወገብ ነው።

ክኒኑ፣ መርፌው፣ ቀበቶውና ወጌሻው

ክኒን ህመሙን አስታግሶ እንድንራመድ ይረዳናል፣ ዲስክን ግን አይመልስም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ አይወሰዱም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር እናት ባለሙያ ሳይጠይቁ አይውሰዷቸው። በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ እነዚህን ክኒኖች ደጋግሞ መውሰድ ኩላሊትን ይጎዳል። ከሱቅ ገዝቶ ለሳምንታት መዋጥም ልክ አይደለም።

ከኛ ውስጥ "መርፌ ካልወጋኝ አልታከምኩም" የሚል ብዙ ነው። ሐኪሙ ክኒን ሲሰጠው አኩርፎ ወጥቶ ፈቃድ በሌለው ቤት መቀመጫው ላይ ይወጋል። ልብ በሉ፦ ሳያቲክ ነርቭ የሚያልፈው በዚያው በመቀመጫ ውስጥ ነው። ባልሠለጠነ እጅ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ነርቩን ራሱን ሊመታው ይችላል። እንዲህ ተመተው እግራቸው አልነሳ ያላቸው ሰዎች በብዙ አገር የሕክምና መዝገብ ላይ አሉ። ለእግር ህመም ተብሎ እግር ማጣት አያሳዝንም?

ፕሪጋባሊን የሚባል የነርቭ ክኒንም ከሰው ሰው ሲዞር ይታያል። በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ የሳያቲክ ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተፈትኖ ምንም ከሌለው ባዶ ክኒን አልተሻለም፤ ይልቅ ራስ ማዞር አመጣ። የወገብ ቀበቶን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም አይመክረውም። የሚመክረው ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴንና መሰል ነገሮችን ነው።

ኤምአርአይ ካልተነሳሁ ብሎ ያለውን ሸጦ ናይሮቢ ለመሄድ የሚያስብም አለ። በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወገባቸውን አሟቸው የማያውቅ 98 ሰዎችን በኤምአርአይ አይቶ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ፎቶው ላይ የታየ ሁሉ በሽታ አይደለም ማለት ነው። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ምልክቶች ላሉበትና ለወራት ታክሞ ላልተሻለው፣ ቀዶ ሕክምና ለሚታሰብለት ሰው ነው።

ስለ ወጌሻም እንናገር። በቅባት ቀስ ብሎ ማሸት ያሳርፋል፣ አንከለክልም። ወገብን በጉልበት መርገጥ፣ እግርን መጠምዘዝ፣ በጋለ ብረት መተኮስና ባልጸዳ ምላጭ ዋግምት መያዝ ግን ቁስልና ሌላ በሽታ ያመጣሉ። በተለይ እግሩ የደነዘዘ ሰው እንዳይረገጥ። የደነዘዘ እግር ላይ የፈላ ውሃም አታድርጉ፤ ሳይሰማው ይቃጠላል።

አንዲት ሌሊት የማይታደርባቸው ምልክቶች

እስካሁን "ታገሡ፣ ተንቀሳቀሱ" ስንል ቆይተናል። አሁን የምንለው ተቃራኒውን ነው። በጀርባ አጥንታችን ታችኛ ክፍል የነርቭ ሥሮች እንደ ጭራ ተዘርግተው ይወርዳሉ። ሐኪሞችም በላቲን "የፈረስ ጭራ" ይሏቸዋል። ሽንትን፣ ሰገራንና የብልት አካባቢን የሚያዙት በዚያ ያሉት ናቸው። ትልቅ ዲስክ እነሱን ሁሉ በአንድ ላይ ሲጫናቸው በሰዓታት የሚቆጠር ጊዜ ነው ያለን። ካለፈ ጉዳቱ አይመለስም።

የሚከተለው ከታየ ቀን ሌሊት ሳይባል ወደ ሆስፒታል፦ ሽንት አልመጣ ካለ፣ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፤ ሰገራ ካመለጠ፤ በኮርቻ ላይ ብንቀመጥ የሚነካን ቦታ ሁሉ፣ ማለትም ብልት፣ ፊንጢጣና የውስጥ ጭን ከደነዘዘ፤ ህመሙ ወይም ድካሙ በሁለቱም እግር ከሆነ፤ እግር ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ከሄደ። ድካሙን ለማወቅ በተረከዛችሁ፣ ቀጥሎም በጣታችሁ ተራመዱ። አንዱ እግር በተረከዝ አልቆም ካለ፣ ጫማው መሬት እየጎተተ ከሄደ ጊዜ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ሌሎችም አሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና ሲተኙም የማይለቅ የጀርባ ህመም ከተገናኙ የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም፣ የጀርባ አጥንትንም ይይዛል፣ በመድኃኒትም ይድናል። ያልፈላ የፍየል ወይም የግመል ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ በኬንያ ክሊኒኮች "ብሩሴላ" የሚሉት በሽታ ይዞት ወገቡን ሊያመው ይችላል። ወተቱን ማፍላት ነው መከላከያው። ከወደቀ ወይም ከተመታ በኋላ የጀመረው፣ ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት፣ እንዲሁም ወገቡን አመመኝ የሚል ትንሽ ልጅ ሁሉ ሳይዘገይ ይታይ።

ሐፍረት ነርቭን ይገድላል

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከነዚህ ምልክቶች ዋናዎቹ ስለ ሽንትና ስለ ብልት ናቸው። በክሊኒኩ የሚያስተረጉምልን ሰው ደግሞ ጎረቤታችን ነው፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወንድማችን፣ አንዳንዴም የገዛ ልጃችን። እናት በልጇ አፍ "ሽንቴ ያመልጠኛል" ማለት ያሳፍራታል። ስለዚህ "ወገቤን ነው" ብላ ትወጣለች። ባለሙያውም ወገብ ብሎ ክኒን ይሰጣታል። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የባለሙያውም ላይሆን ይችላል። ያልተነገረ ቃል ግን እግሯን ሊያስከፍላት ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን አራት የስዋሂሊ ዐረፍተ ነገሮች በቃላችን እንያዝ፤ ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ በሏቸው። "ማኡሚቩ ያ ምጎንጎ ያናሹካ ሃዲ ምጉኡኒ" ማለት "የጀርባዬ ህመም እስከ እግሬ ይወርዳል" ነው። "ምጉኡ ኡሜኩፋ ጋንዚ" ማለት "እግሬ ደንዝዟል" ነው። "ሲዌዚ ኩዙኢያ ምኮጆ" ማለት "ሽንቴን መያዝ አልችልም" ነው። "ሴሄሙ ዛ ሲሪ ዚሜኩፋ ጋንዚ" ደግሞ "ኀፍረተ ሥጋዬ ደንዝዟል" ማለት ነው። ይህን ለመናገር አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሴት ባለሙያ ወይም ሴት አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። አስተርጓሚ የሆናችሁ ወገኖች፣ የሰማችሁትን እዚያው ቅበሩት። እናንተ ምሥጢር ካልጠበቃችሁ ሰው አይናገርም፤ ካልተናገረ ደግሞ አይድንም።

ሌላው ሁሉ፣ ያ የሚነዝረው፣ የሚገትረውና እንቅልፍ የሚነሳው ህመም፣ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። እስኪያልፍ ጀሪካኑን በግማሽ እንሙላ፣ ጠዋትና ማታ እንራመድ፣ በሆዳችን ተኝተን እንሞክር። ጎረቤታችሁ ከፍራሹ አልነሳ ካለም "አይዞህ" ብቻ ብላችሁ አትለፉት። እጁን ይዛችሁ እስከ ብሎኩ ጫፍ አብራችሁት ተራመዱ፣ መንገድ ላይም ሽንቱን ደህና ይሸና እንደሆነ ጠይቁት።

ቸር ያሰማን።